ሳይናገሩ ደጄ ላይ የቆሙት ሰዎች

ከዚያ ጠዋት ወዲህ በሬ ሲንኳኳ መጀመሪያ የምለው «ማን ነው?» አይደለም። «ተናገሩ!» ነው። የሕንፃው ጥገና ሠራተኛም፣ ሎሚ ልትበደረኝ የምትመጣው አፍጋናዊት ጎረቤቴም ለምደውኛል፤ አማርኛ ባያውቁም ውጭ ሆነው ስማቸውን ይጮኻሉ። ልጄ ሶስና እኔ ወሬ ስጀምር «ማሚ፣ በአጭሩ» ትለኛለች። ይኼን ግን በአጭሩ መናገር አልችልበትም። ሻይ ካላችሁ አጠገባችሁ አድርጉና ታገሡኝ።

የሺ እባላለሁ። ትምህርት ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ ያስተማሩኝ ስኳርና ምስር የተጠቀለለባቸው የጋዜጣ ቁራጮች፣ ኋላም ካርቱም በሰው ቤት ስሠራ እየተዋስኩ ያነበብኳቸው መጻሕፍት ናቸው። ወደ ቶሮንቶ የመጣነው ከካርቱም ነው። እዚህ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስፖንሰር ሊያደርጉን ሲነሡ ሦስት ነበርን፤ አውሮፕላን ላይ የወጣነው ግን ሁለት ነን። የበኩር ልጄ ናትናኤል አዋቂ ስለሆነ የራሱን ፋይል ከፍቶ ተራውን ይጠብቅ ተባለ። የሚያባብለን እሱ ነበር። «ሂዱ እንጂ፤ እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ» ይለናል እየሳቀ። ቤቱ እኮ አንዲት የኪራይ ክፍል ናት።

እኛ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ገብተን ገና መንገዱን ሳንለምድ ካርቱም በጦርነት ነደደች። ናቲ በበረሃ አድርጎ ሊቢያ ገባ። ሲደውል የሚደውለው በእኔ ስልክ ሳይሆን በሶስና ስልክ ነበር። «እማዬ ታለቅሳለች፤ እሷ ስታለቅስ እኔም አለቅሳለሁ፤ ሳናወራ ካርዱ ያልቃል» ይላታል። መጨረሻ የደወለ ቀን ደግሞ እንዲህ አላት፦ «ሶሲ፣ ዛሬ ማታ ባሕር ላይ ነን። ስሻገር መጀመሪያ የምደውለው ላንቺ ነው። ስልክሽን እንዳታጠፊ።»

ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

በረዶው ጣለ፣ ቀለጠ፤ ደግሞ ጣለ። ያልጠየቅሁት ሰው የለም። ጣልያን የደረሰ የአንድ ልጅ ስልክ ቁጥር አገኘሁና ደወልኩለት። «እናቴ፣ በዚያ ሰሞን የወጣችው ጀልባ አልደረሰችም ይላሉ። እርግጠኛ ግን አይደለሁም» አለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለሶስና «እስር ቤት ይሆናል። እዚያ መጀመሪያ የሚቀሙት ስልክ ነው። የለቀቁት ቀን ይደውላል» አልኳት። ወሬ ማሳመር እንደምችልበት ታያላችሁ፤ የእስር ቤቱን ግቢ፣ የዘበኛውን ጠባይ፣ የሚበሉትን መኮሮኒ ሳይቀር ነገርኳት። አመነችኝ።

ስላመነችኝም ከትምህርት ቤት ቀረች። የምትማርበት ትምህርት ቤት ስልክ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይውላል። «በዚያ ሰዓት ቢደውልስ?» አለች። መጀመሪያ ከመምህራን ጋር ተጣላች፣ ከዚያ አርፍዳ መግባት አመጣች፣ በመጨረሻ ከአልጋዋ አልነሣም አለች። ጓደኞቿ መምጣት ተዉ። እኔ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አንሶላና ፎጣ ሳጥብ ውዬ ስመለስ፣ ሲግናሉ ጥሩ ነው ባለችው መስኮት ሥር፣ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደተቀመጠች አገኛታለሁ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እንደ በር ጠባቂ ሆነችብኝ።

የትምህርት ቤቱ አማካሪ አንድ የመጨረሻ ነገር እንሞክር ብላ ስለ አዲሱ ትምህርት ቤት የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። ካልሆነ ሌላ ምን እንደማደርግ እንደማታውቅም አልደበቀችኝም።

ትምህርት ቤቱ በአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነው። የተቀበለችን ክሌር የምትባል፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ጫማዋ ጭቃ የነካው መምህርት ናት። «እኛ ጋ ደወል የለም» አለችን። «ወንዝን የምንማረው ወንዙን ተከትለን እየሄድን ነው። ሒሳቡን ለመንገድ ስንቅ ስንመድብ እንማራለን። አንድ ልጅ ከታመመ ሾርባ ይዘን ሁላችንም ቤቱ እንሄዳለን።»

«ይኼማ ዕድር ነው» አልኳት ለሶስና በአማርኛ። ከንፈሯ ጥግ ላይ ብዙ ጊዜ ያላየሁት ነገር ብልጭ አለ።

ክሌር ቀጠለች። አዲስ ልጅ ትምህርት የሚጀምረው በጉዞ ነው። ሦስት ቀን፣ ከከተማው በስተሰሜን ያለ ሐይቅ ዳር፣ በድንኳንና በታንኳ። የሁሉም ስልክ ከጉዞው በፊት ይቀመጣል።

«እዚያ ሲግናል አለ?» አለች ሶስና።

«ጭራሽ የለም!» አለቻት ክሌር፣ ስጦታ እንደምትሰጥ ሰው ፊቷ በርቶ።

ሶስና ተነሥታ ወጣች። ባስ ላይ ነው የደረስኩባት።

«ሶስዬ።»

«ማሚ፣ ኖ።»

«ስልኩን እኔ ብይዘውስ?»

«ሥራ ቦታ አይፈቀድልሽም።»

«ፈቃድ እጠይቃለሁ።»

«ሻወር ስትገቢስ?»

«ይዤው እገባለሁ።»

«ስትተኚ?»

«ማን ተኝቶ ያውቃል ደግሞ!»

ባሱ ድልድዩን እስኪሻገር መስኮቱን ስታይ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ማሚ፣ እንደሚደውል ታምኛለሽ አይደል? በእውነት?»

«ነገ እንደሚነጋ ታምኛለሽ?»

«የስ።»

«እንደዚያ ነው እኔም።»

እሺ አለችኝ። እንባዬን በማስነጠስ ደበቅሁት። ለክሌር ስደውልላት ደስታዋን አልቻለችውም። «ማክሰኞ በጠዋት መጥተን እንወስዳታለን» አለችኝ። አመሰገንኩ። እኔ የመሰለኝ ቢጫው የትምህርት ቤት ባስ መጥቶ ታች በር ላይ ይቆማል ነው። የሌላው ሰው ልጅ ሁሉ የሚሄደው እንዲያ ነዋ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከሰከንድ ሃንድ ሱቅ የገዛነውን ቦት ጫማ፣ የዝናብ ልብስና የመኝታ ከረጢት አሸግን። ከዚያ ሶስና አስቀምጣ ታስተምረኝ ጀመር። የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፈተችው። በየት በኩል ጎትቼ እንደማነሣው አሳየችኝ። እንዳልሳሳት ከእኔ ስልክ እየደወለች አለማመደችኝ።

«እሺ፣ ደወለ። ምን ትይዋለሽ?»

«የት ነህ ልጄ እለዋለኋ!»

«አይ፣ አይደለም። መጀመሪያ ሶሲ ትምህርት ቤት ስለሄደች ነው እንጂ ረስታህ አይደለም በይው። ከዚያ ነው የት ነህ የምትይው።»

«እሺ እመቤቴ።»

«ድገሚው።»

ደገምኩት። «ሶሲ ትምህርት ቤት ስለሄደች ነው እንጂ ረስታህ አይደለም።» አሁን ሳስበው፣ ስለ ናቲ ሁለታችን አብረን የሳቅንበት የመጨረሻው ቀን እሱ ነው።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ።

እኛ ሕንፃ ውስጥ እንግዳ ሲመጣ ከታች ይደውላል፤ እኔ በስልክ ቁጥር ተጭኜ እከፍታለሁ። ከታች ሳይደወል ቀጥታ በሬን የሚያንኳኳ የለም። አንኳኩ፤ ደግሞ ቀስ ብለው አንኳኩ። ሶስና ሽንት ቤት ጥርሷን ትቦርሻለች። እኔ በሌሊት ልብሴ ሆኜ በበሩ ቀዳዳ አጮለቅሁ።

አቶ መኮንንን አየኋቸው።

አቶ መኮንን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ እዚህ አገር ከገቡ አርባ ዓመት የሞላቸው፣ የተከበሩ ሰው። ሰው ሲሞት፣ ከአገር ቤት ክፉ ወሬ ሲመጣ፣ ወደ ባለቤቱ የሚላኩት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ዓመት ሥራ ቦታ ለማውቃት ለአንዲት ልጅ የእናቷን መርዶ የነገሯት እሳቸው ናቸው፤ እኔም ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ደረታቸው ላይ እንደሚያደርጉት አይቻለሁ። ያን ዕለትም እንደዚያው ይዘውታል። ከጎናቸው ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ፣ ጥቁር ሻርፕ አድርገው። ከኋላቸው ኮሪደሩን የሞላ ሰው።

በማለዳ፣ ሰብሰብ ብሎ፣ ሽማግሌ ከፊት አስቀድሞ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ለእናንተ አልነግራችሁም።

በሩን የከፈትኩት እጄ ነው፤ እኔ አይደለሁም።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ መኮንን?»

አልመለሱልኝም። አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እትዬ ጽጌ?»

እሳቸውም ዝም። ከኋላ ክሌርን አየኋት፤ ዓይኗ ውኃ ሞልቷል። ልጆች በሁለት ረድፍ ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል፤ አንዳቸውም አይተነፍሱም። ክሌር ጭምር እንዴት መጣች? ትምህርት ቤቱ ሳይቀር ሰምቷል ማለት ነው አልኩ በልቤ። ሁሉም ሰምቶ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።

«ተናገሩ» አልኳቸው። «አቶ መኮንን፣ እግርዎ ሥር እወድቃለሁ፣ ይናገሩ!»

አቶ መኮንን ግራ ገብቷቸው ወደ ክሌር ዞሩ። ያቺ መዞር ጨረሰችኝ። ማን ይንገራት እየተባባሉ ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በራሴ አላስታውሰውም፤ ሌሎች ናቸው የነገሩኝ። ወለሉ ላይ ወድቄ ደረቴን እየደቃሁ የጮኽኩት ጩኸት አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ተሰምቷል አሉ። ያልኩት ግን ይኸው ነው፤ እሱን አስታውሳለሁ፦

«ወይኔ ልጄን! ወይኔ ናቲዬን! አውቄው ነበር! ባሕር እንደበላው ድሮም አውቄው ነበር! ያቺ ጀልባ አልደረሰችም ብለውኛል!»

በዚያው ቅጽበት ሶስና ሻንጣዋን በጀርባዋ አዝላ፣ የጥርስ ቡርሿን እንደያዘች ብቅ አለች። ልጆቹ መዘመር ጀመሩ።

አዎ፣ ዘፈን። የትምህርት ቤቱ ወግ እንደዚህ ነው ለካ። አዲስ ልጅ ብቻውን አይመጣም፤ ሁሉም፣ መምህሩም ወላጁም፣ ገና ሳይነጋ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያመጣዋል። የታችኛውን በር ከሕንፃው የሚወጣ ሰው ከፍቶላቸው ነው የገቡት። ልጁ በሩ ላይ እስኪታይ ማንም ቃል አይተነፍስም። ሲታይ ይዘመርለታል። ሕፃናቱ አማርኛ ከየት ያውቃሉ? እኔ ስጮኽ ደንግጠው ነበር፤ አዲሷ ልጅ ስትመጣ ግን የተነገራቸውን አደረጉ። የፊተኞቹ ጀመሩ፣ የኋለኞቹ ተቀበሉ። እኔ ሙሾ፣ እነሱ የደስታ ዘፈን፤ ኮሪደሩ ውስጥ ተደባለቀ።

መጀመሪያ የነቁት እትዬ ጽጌ ናቸው። «ኧረ በስመ አብ! ኧረ የሺ፣ የሺዬ፣ መርዶ አይደለም! የትምህርት ቤት ነገር ነው! ማንም ምንም አልሰማም!» ብለው ወለሉ ላይ ወድቀው አቀፉኝ። እቅፋቸው ውስጥ እያለሁ ባላቸው ላይ ጮኹ፦ «አንተ ሰውዬ! ትናንትና አላልኩህም? በዚህ ሰዓት፣ ይኼን ፊትህን ይዘህ፣ የሰው ቤት አይኬድም አላልኩህም?»

«የልጅ ልጄ እዚያ ትማራለች» አሉ አቶ መኮንን፣ ለእኔ ይሁን ለግድግዳው አይታወቅም። «መምህሯ ሶስና የአገሯን ሰው ብታይ ደስ ይላታል አለችኝ። እኔም... ለአንድ ጊዜ እንኳ በደግ ነገር ልምጣ ብዬ።» ባርኔጣቸውን አድርገው መልሰው አወለቁት። ግድግዳውን ይዘው ቁጭ አሉ።

አፍጋናዊቷ ጎረቤቴ በባዶ እግሯ ወጥታ፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ ራሴን ጭኗ ላይ አደረገችው። ምን ቋንቋ ያስፈልጋታል? ክሌር አፏን ይዛ ቆማለች። ማንም ልጆቹን ዝም በሉ አላላቸውም፤ ዘፈኑ ራሱ ቀስ በቀስ ሞተ።

ልቤ ሲመለስ መጀመሪያ ደስ አለኝ። አልዋሻችሁም፤ አልሞተም ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ያ ደስታ ቀና ብዬ ሶስናን እስካያት ድረስ ብቻ ነው የቆየው።

አላለቀሰችም።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ምን አውቃለሁ ልጄ? ደንግጬ ነው። ሰው ሲደነግጥ ያልሆነውን...»

«ድሮም አውቄው ነበር አልሽ። ጀልባዋ አልደረሰችም ብለውኛል አልሽ። ማነው ያለሽ?»

ያ ሁሉ ወሬ፣ ያ ዘበኛ፣ ያ መኮሮኒ የት እንደገባ እንጃ፤ አንዲት ቃል አጣሁ።

«እስር ቤት ነው ያልሽኝስ?»

«ሶስዬ...»

«እሺ» አለች። አንዲት እሺ። ሽንት ቤት ተመልሳ አፏን ተጉመጠመጠች፣ ቡርሿን ቦታው አስቀመጠች፣ መብራቱን አጠፋች። ከዚያ መጥታ አጎንብሳ ስልኩን እጄ ላይ አደረገችው።

«ማታ ማታ እንዳትነቂ። ልታጠፊው ትችያለሽ» አለችኝ።

ቦት ጫማዋን አጠለቀች። ክሌር ዛሬ ይቅር፣ ሌላ ቀን ይሆናል እያለች ለመነቻት። ሶስና በእንግሊዝኛ «እንሂድ፤ እዚህ የምጠብቀው ነገር የለኝም» አለቻት። የአቶ መኮንን የልጅ ልጅ እጇን ያዘቻት። በረንዳ ላይ ወጥቼ ከላይ አየኋቸው፤ ከሕንፃው ጀርባ ወደ ሸለቆው በሚወርደው ጠባብ መንገድ፣ በቢጫና በቀይ ቅጠሎች መሐል፣ ሰልፍ ሆነው ወረዱ። መሐል ላይ ያለችው የእኔ ናት። ወደ ላይ አላየችም።

እትዬ ጽጌ ከእኔ ጋር ቀሩ። ያን ሦስት ቀን ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። ሰው ሰምቶ መጣ፤ ግን ምን ይበል? እግዚአብሔር ያጽናሽ እንዳይሉኝ የሞተ የለም። አይዞሽ ይመጣል እንዳይሉኝ ጩኸቴን ሰምተዋል። ሻይ ጠጥተው፣ በብሉር መንገድ ስላለው የቤት ኪራይ አውርተው፣ ጫማቸውን እያዩ ይሄዳሉ። እኔም ጥቁር ልልበስ ወይስ አልልበስ አላውቅም። አቶ መኮንን ግን ሁለተኛ ደጄን አልረገጡም። እትዬ ጽጌን ሊወስዱ ሲመጡ እንኳ ታች መኪና ውስጥ ሆነው ነው የሚጠብቁት።

ስልኩን አላጠፋሁትም።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሶስና ተመለሰች። ጭስ ጭስ ትሸታለች፤ ጉንጯን ፀሐይ መትቶታል። ያቀረብኩላትን ሁሉ በላች። ስልኩን አልጠየቀችኝም፤ እኔ ፊቷ ባስቀምጠውም አላየችውም። ከበላች በኋላ እንዲህ አለችኝ፦

«ክብ ሠርተን ስንቀመጥ ሁሉም ስለ ቤተሰቡ ይናገራል። እኔ ወንድሜ ባሕር ውስጥ ነው አልኳቸው።»

ሻይ ቀዳሁላት።

«ታንኳ ከመግባታችን በፊት ስለ ቀዝቃዛ ውኃ አስተማሩን። ሰው ብዙ ከቆየ ይደነዝዛል። መጨረሻ ላይ ብርዱም አይሰማውም፣ እንደ እንቅልፍ ነው አለች ክሌር። እኔ ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት፤ ያማል ወይ አልኳት። አያምም አለችኝ።» ሳህኗን አነሣች። «ስለዚህ አላመመውም፣ ማሚ። ላንቺ ልነግርሽ ብዬ ነው የጠየቅኋት።»

ሦስቱን ቀን እዚያ የተማረችው ይህን ነው። ይዛልኝ የመጣችው ይህን ነው።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል። ልጄ አንድ ቀን ሳትቀር ትማራለች። ወንዝ ትለካለች፣ ለጉዞ ምስር ትቀቅላለች፣ ጓደኞች አሏት። አማካሪዋ ተአምር ነው አለችኝ። ትምህርት ቤቱን አመሰግናለሁ፤ ደጎች ናቸው፤ ወጋቸውንም አዲስ ልጅ ሲመጣ ወላጁን አስቀድመው እንዲጠይቁ አድርገው አስተካክለውታል። ግን ልጄን ከዚያ መስኮት ያስነሣት ትምህርት ቤቱ አይደለም። መጠበቅ ስላቆመች ነው የተነሣችው። እኔ ሁልጊዜ የጸለይኩት አንድ ቀን ከዚያ መስኮት እንድትነሣ ነበር፤ እንዲህ አድርጎ ያስነሣታል ብዬ ግን አላሰብኩም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ደስታ ይዛችሁም ቢሆን ማለዳ የሰው በር ስታንኳኩ ድምፃችሁን አሰሙ። ከበሩ ወዲያ ያለው ሰው ስንት ዘመን እናንተን ሲጠብቅና ሲፈራ እንደኖረ አታውቁም።

መስኮቱ ሥር አሁን የምቀመጠው እኔ ነኝ። እንዴት እንደመጣብኝ አላውቅም። አውቄው ነበር ብዬ የጮኽኩት እኔው ነኝ፤ ጩኸቴ ሲወጣ እውቀቴም አብሮ ወጣ መሰለኝ። ጣልያን ያለው ልጅ እርግጠኛ አይደለሁም ብሎኝ ነበር እኮ። ሥራ ቦታ ስልኩን በኪሴ እደብቃለሁ። ድምፁ እስከ መጨረሻው እንደተከፈተ ነው። ፎጣ ሳጥፍ በልቤ እለማመዳለሁ፦ ሶሲ ትምህርት ቤት ስለሄደች ነው እንጂ ረስታህ አይደለም።

ሶስና ጠዋት ጠዋት ሻንጣዋን አዝላ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ትላለች።

«ማሚ፣ ቻርጅ አለው?»

«አለው።»

«ጥሩ። ምናልባት ዛሬ ይደውላል። እስር ቤት ከሆነ እኮ መጀመሪያ የሚቀሙት ስልክ ነው» ትለኛለች።

ፈገግ ብላ፣ ዓይኔን እያየች ነው የምትለኝ። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ። የእኔ ነበር።